የእህቴ ባልና የጥቁሩ አውሮፕላን ጡረታ

የእህቴን ባል ሜሪል ታትልን ማወቅ የፈለገ ሰው በፍሪጄ ይጀምር። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ቶኖፓ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ላይ ምግብ ቤት አለኝ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ትልቁ ፍሪጅ ቀጥ አለብኝ። የኔቫዳን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ዞር ብትል ዘይት ሆኖ ይጠብቅሃል። እኔ ግን አልደነገጥኩም። የእህቴ ባል ፍሪጅ ጠጋኝ ነዋ።

ነኝ ባዩ ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሌሎች ወንዶች ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ በረሃው ይገባል፣ አርብ ይመለሳል። "እዚያ ምን ትሠራላችሁ?" ሲሉት "የመንግሥት ፍሪጅ እንጠግናለን" ይላል። እባብና አሸዋ ብቻ ባለበት ስፍራ መንግሥት በዚያ ሁሉ ፍሪጅ ምን ያስቀምጣል ብሎ የጠየቀው የለም። የቶኖፓ ሰው ጨዋ ነው፤ ሰው ሲዋሽ አያቋርጥም።

"ሜሪል፣ እስቲ ናና ይችን ጉድ እይልኝ" አልኩት ቅዳሜ ጠዋት።

ፊቱ አመድ መሰለ። "ላቮን፣ እኛ እኮ የምንሠራው ትልልቁን ነው።"

"ትልቁን የጠገነ ሰው ትንሹ ያቅተዋል? ግባ፣ አትግደርደር።"

ቅዳሜና እሁድን ጓዳዬ ውስጥ ተዘግቶ ዋለ። የሚሰማኝ የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ብቻ ነው። ይፍቃል፣ ይለጥፋል፣ መልሶ ይፍቃል። እሁድ ከሰዓት ወጣ ሲል ገባሁ። እንዲያ ያለ ፍሪጅ በሕይወቴ አላየሁም። ጭረቱ ጠፍቷል፣ ብሎኖቹ ተሸፍነዋል፣ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ እጅ ሲያርፍበት ያንሸራትታል። በሩን ስከፍተው ወተቱ ረግቷል።

"እንዴት ነው?" አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ቆንጆ ነው" አልኩት። ምን ልበለው?

ወሬው ወጣና የከተማው ሰው ሁሉ የሞተ ፍሪጁን እየጎተተ እህቴ ደጅ ያሰልፍ ጀመር። እምቢ ቢል ይነቃበታል፤ እሺ ቢል አይችልም። በመጨረሻ አንድ የጥገና መጽሐፍ ገዝቶ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር እያጠና፣ እውነተኛ ፍሪጅ ጠጋኝ ወጣው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሜሪል ውሸት ግን እያደር እየከበደ ሄዶ የእረፍት ቀን ሥራ ሆነበት።

እውነተኛ ሥራው የጥቁሩ ቆዳ ነበር። ጥቁሩ የምንለው ያንን ራዳር የማያየውን የጦር አውሮፕላን ነው፤ ማዕዘን በማዕዘን የሆነውን፣ ሕፃን ልጅ ወረቀት አጣጥፎ የሠራው የሚመስለውን። ራዳር እንዳያገኘው የሚያደርገው ቅርጹና የተለበጠው ነገር ነው አሉ። ያ ልባጥ ደግሞ ቅብጥ ነው፤ በበረረ ቁጥር አንድ ቦታ ይላጣል። ሜሪልና ባልደረቦቹ የተላጠውን ይለጥፋሉ፣ የጎደጎደውን ይሞላሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው በመዳፋቸው እየዳሰሱ ያጣራሉ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። እህቴ አርዲስ ግን ቀድማ ጠርጥራለች፤ ልብሱን የምታጥበው እሷ ናት። "የምን ፍሪጅ ነው ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸተው?" ትለኝ ነበር።

ስለ ምስጢሩ ደግሞ ልንገራችሁ። ራዳር አያየውም ይባላል። እኛ ራዳር የለንም፤ ያለን ዓይን ነው። የጭነት መኪና ሹፌሩ አይቶታል፣ ፓስተሩ አይቶታል፣ የብር ማዕድን ሲቆፍር ያረጀው ሽማግሌው ክላይድ ያለ መነጽር አይቶታል። ይህም ሆኖ የመንግሥት ሰዎች አልፎ አልፎ ምግብ ቤቴ ይመጡና የቼሪ ፓይ እየበሉ፣ እንደ ዋዛ፣ "ሰማይ ላይ የተለየ ነገር ታያላችሁ እንዴ?" ይሉናል።

"ኧረ ምንም" እንላለን።

አንዴ ክላይድ "የቱን ነው፣ የትናንት ማታውን?" ብሎ ሊጀምር ሲል እግሩን ረገጥኩት። ቀሪውን ሳምንት ሲያነክስ ከረመ።

ስለዚህ ከተማው ልማድ አወጣ። ጥቁሩ ሲያልፍ ሳህንህን ታያለህ። ሳህን ከሌለህ ጫማህን ታያለህ። እንግዳ ሰው በዚያች ደቂቃ በሬን ከፍቶ ቢገባ መላው ቤት ማዕድ እየባረከ ይመስለዋል። ልጆቻችን "አመሰግናለሁ" ከማለት ቀድመው የተማሩት ይህንን ነው። እኔም አስተምሬያለሁ፤ አልፈርድም።

ልማዱ ለከተማው ቀላል ነበር። ለእህቴ ግን ቤቷ ውስጥ ገባ። ልጃቸው ጃኔል ስትወለድ ቀኑ ሮብ ነበር፤ ሜሪል አርብ ደረሰ። "የት ነበርክ?" ስትለው፣ አራስ አልጋ ላይ ሆና፣ "አንድ ፍሪጅ አስቸግሮን" አላት። እኔ ብሆን በመጥበሻ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ምስጢር ላያወጣ ፈርሞ ነዋ፤ ምሏል። የማለ ሰው ሚስቱም አብራ እንደማለች ነው የሚቆጠረው፣ ያውም ምን እንደማለች ሳይነገራት።

ከዚያ አንድ ቀን ራሱ መንግሥት ደብቆ ደብቆ ሲሰለቸው የጥቁሩን ፎቶግራፍ አውጥቶ ለዓለም አሳየ። ቴሌቪዥኑ ላይ ተንጣሎ ታየ። አርዲስ ከወጥ ቤት ሆና ስታየው ሳቋ መጣ፤ በስንት ጊዜዋ።

"ሜሪል፣ ና ቶሎ፣ ፍሪጅህ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቷል።"

ሜሪል መጣ። ቆሞ አየ። አንገቱን ነቀነቀ። "እኔ አላውቀውም" ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ለካስ ለዓለም ሁሉ ተነገረ እንጂ ለሜሪል መናገር ትችላለህ ብሎ የነገረው ሰው የለም። ደብዳቤ እየጠበቀ ነበር፣ የኔ ብልህ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥቁሮቹ አውሮፕላኖች ጠቅልለው ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄዱ። ሜሪልም ተከትሏቸው ሄደ። አርዲስ እናታችን ታማ ነበርና ቀረች፤ ከዚያ እናታችን ሞታም ቀረች። ለገና ይመጣል፣ ለምስጋና ቀን ይመጣል፣ ተርኪ ዶሮውን ቆርጦ ጣራውን አይቶ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቱንም አላይ ማለት እህቴ ናት። ጃኔል አድጋ ሩቅ ቦይዚ ከተማ አግብታ፣ "እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ክፍሉን አዘጋጅቼልሻለሁ" ስትላት አርዲስ እሺ ብላ ነበር። መጋረጃ ሳይቀር መርጣለች።

በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2008 ጸደይ ላይ፣ ጥቁሩ ጡረታ ወጣ።

ጡረታው ጉድ ነበር። ባንዲራ ተውለበለበ፣ ሙዚቃ ተመታ፣ ትልልቅ ሰዎች ትልልቅ ነገር ተናገሩ። ለአንድ አውሮፕላን እንዲያ ሲለቀስ፣ ክላይድ በዚያው ወር ሞቶ ቀብሩ ላይ የነበርነው አንድ ጠረጴዛ የማንሞላ ነበርን። ከዚያ ጥቁሮቹን ወዴት ቢያመጧቸው ጥሩ ነው? ወደ እኛው። እዚያው ተደብቀው ወዳደጉበት በረሃ አምጥተው፣ ክንፋቸውን ነቅለው፣ የድሮ መጋዘናቸው ውስጥ ከተቷቸው። ሜሪልም ከእነሱ ጋር መጣ። ኬክ ቆርሰው፣ ኮፍያ አልብሰው፣ በእንጨት ላይ የተለጠፈ የናስ ጽሑፍ ሰጥተው አሰናበቱት። አለቃው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ "በቃ ሜሪል፣ ከእንግዲህ አይበርም፤ አንተም ሄደህ እረፍ" አለው።

ያንን ቀን እኔ ምግብ ቤት ተቀምጠው ነበር፣ ባልና ሚስት ፊት ለፊት። እኔ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ይህን ያህል አይወለወልም፣ ግን መስማት ነበረብኝ።

"ስማኝ ሜሪል" አለች አርዲስ። "እስከ ዛሬ የደበቅኸኝን ሁሉ ይዘኸው ተቀበር። አልጠይቅህም። ከዛሬ ወዲያ ግን ያየኸውን ነገር አላየሁም እንዳትለኝ። አንዲት ጊዜ ካልከኝ፣ ቦይዚ እሄዳለሁ። ከሄድኩ አልመለስም።"

"ምን ቀረኝና እዋሻለሁ? እሱም ወጣ፣ እኔም ወጣሁ" አላት። ደስ ብሎት ነበር፤ ዓይኑ ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ሜሪልን ማን ይቻለው። እውነት መናገር በስተርጅና የጀመረ ሰው መኪና መንዳት እንደጀመረ ጎረምሳ ነው፤ ፍሬን አያውቅም። "አርዲስ፣ ይሄ ቀሚስ አያምርብሽም።" "አርዲስ፣ ሾርባው ዛሬ ጨው በዝቶበታል።" ፓስተሩን "ስብከትህ ሲረዝም እተኛለሁ" አለው፣ በር ላይ፣ በሰው ፊት። እኔንም "ላቮን፣ ያኔ ፍሪጅሽን አልጠገንኩትም እኮ" ብሎ ነገረኝ፣ ያላወቅኩ መስሎት። አርዲስ ግን ወደደችው። "ቢያንስ ሲያየኝ አየሁሽ ይለኛል" ትል ነበር። ጃኔልን "ክፍሉን አከራዪው" አለቻት። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነው ኖሩ፤ ሽማግሌ ሙሽሮች።

ከዚያ ግንቦት መጨረሻ ላይ የከተማው በዓል ደረሰ። ሰልፉ አልቆ፣ ፈረሱም እሳት አደጋ መኪናውም አልፎ፣ ምግብ ቤቴ ጓሮ ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀመጥን። የተጠበሰ የጎድን ስጋ አለ፣ ባቄላ አለ፣ የድንች ሰላጣ አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሜሪል አርዲስ አጠገብ ተቀምጦ ጎድን ይግጣል።

ድምፁ ከደቡብ መጣ። እኛ እናውቀዋለን፤ ሌላ አውሮፕላን እንዲያ አይልም። ከተራራው ጀርባ ብቅ አለና በላያችን አለፈ፣ ዝቅ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር ሆኖ። ጡረተኛው።

መላው ጓሮ ሳህኑን አየ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አልፎ አያውቅም፣ ግን ልማድ ምን ይረሳል። እኔም ባቄላዬን ስቆጥር ነበር፣ ቀና ስል አንድ ሰው ብቻ ሽቅብ ያያል። ሜሪል። አጥንቱን እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ፣ ኮረብታው እስኪሰውረው ድረስ በዓይኑ ሸኘው። የቀበረውን ሰው ገበያ መሀል ያገኘ ይመስል ነበር።

አርዲስም እሱን አየችው። ሰማዩን አይደለም፤ እሱን። ከዚያ በቀስታ፣ በፍቅር ማለት ይቻላል፣ ጠየቀችው።

"ሜሪል፣ አሁን ያለፈው ምንድን ነው?"

ምን ያለ ቀላል ጥያቄ ነው። ሕፃን ይመልሰዋል። ጠረጴዛው በሙሉ መልሱን ያውቃል።

"ምኑ?" አለ ሜሪል።

"በላያችን ያለፈው።"

ሜሪል አጥንቱን አስቀመጠ። አጎነበሰ። ሳህኑን አየ። "እኔ ምንም አላየሁም" አለ።

አርዲስ አፏን በናፕኪን ጠረገች፣ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፣ ሄደች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

እኔ ግን ጮህኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ? ይሄ ሁሉ ሰው አይቶታል። ማን ይይዝሃል አሁን? ክላይድ እንኳ መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ሰምቶታል።"

"አይበርም ብለውኛል" አለ።

"እኔ ያሉህን አልጠየቅኩህም።"

"ላቮን፣ ኬክ እኮ ቆርሰናል።"

ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ቤታቸው ከእኔ ቤት ጀርባ ነው። ስንደርስ አርዲስ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ልብስ ዘርግታ ታጥፋለች። ሜሪል በሩ ላይ ቆመ። እኔ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ካልወጣሁ ማን ያስወጣኛል።

"አየሁት" አላት።

"ማየትህን አውቃለሁ። ከአንተ በቀር ቀና ያለ ሰው የለም።" ሹራብ አጠፈች። "ማን ከለከለህ ሜሪል? አለቃ የለህ፣ ሥራ የለህ። ለማን ብለህ ነው?"

ሜሪል አጎንብሶ እጆቹን አየ። ማስቲሹ ጣቱን አሻክሮት ዳቦ ሲቆርስ እንኳ ሲፋቅ ይሰማል።

"ለማንም" አለ። "አየሁት ካልኩ በረረ ማለት ነው። ከበረረ ክንፉን መልሰው ገጥመውለታል። ክንፉን ከገጠሙ ቆዳውን የሠራ ሰው አለ፤ ያለሱ አይነሳም። ሌላ ሰው ነክቶታል፣ አርዲስ። እዚህ፣ ከደጄ፣ ስልኬን እያወቁ። ለእኔ አልቋል አሉኝ። ብለው አጨበጨቡልኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ።" በመዳፉ የበሩን እንጨት ዳሰሰ። "ጡረታ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

እውነት ለመናገር በአንድ ዓይኔ ሳቅኩ፣ በአንዱ አለቀስኩ። አንድ ሽማግሌ ለብረት ሲቀና አይቼ አላውቅም።

አርዲስ ሹራቡን ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ያማል አይደል?" አለችው።

"ያማል።"

"አጠገብህ ሆኖ፣ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ ላንተ ብቻ ሳይነገርህ።"

"አዎ።"

"እነሱ እንዲህ ያደረጉህ ሁለት ዓመት ነው" አለች አርዲስ።

የእሷን ዓመታት መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ሜሪል ቀስ እያለ ሲገባው አየሁ፤ የበሩን መቃን ያዘ። ከዚያ በትዳሩ ዘመን ሁሉ ጠይቋት የማያውቀውን አንድ ነገር ጠየቃት።

"አንቺ እንዴት ቻልሽው?"

"አልቻልኩትም" አለችው። "የቻልኩ መስሎህ ነው።"

በማግስቱ ሄደች። ሻንጣውን እሱ ነው መኪናው ላይ የጫነው። ለምኗት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የለመንኳትን ግን አውቃለሁ፣ እሱም አልሠራ። "ላቮን፣ ተይኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልኩትን ላድርግ" አለችኝ።

ጥቁሩ መብረሩን ቀጠለ። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። መንግሥት ሲጠየቅ ጡረታ ወጥቷል ይላል፤ ጡረተኛው በላያችን እያገሳ። ከተማው ሳህኑን ያያል። ሜሪል ግን አያይም። ድምፁን ሲሰማ የያዘውን ጥሎ መሀል መንገድ ይወጣና ጣቱን ቀስሮ፣ መኪና ጡሩምባ እየነፋበት፣ "ያውና፣ ሄደ፣ ወደ ሰሜን" ይላል። አንድ ቀን ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ፓይ እየበሉ በመስኮት አዩት። "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "ፍሪጅ ጠጋኝ ነው" አልኳቸው።

ከመንገዱ ወደ እኔ ቤት ይገባና ከግድግዳው ስልክ ቦይዚ ይደውላል። "አርዲስ፣ አሁን አለፈ። አይቼዋለሁ" ይላታል። በመጀመሪያ ከዚያ ወዲያ የሚያወሩት አልነበራቸውም። "እሺ" ትለዋለች፣ ይዘጋል። በኋላ በኋላ ሰማዩ ደመና እንደነበር ይጨምራል፣ ጎኑ ላይ የሆነ ልባጥ እንደተነሳና እንዳናደደው ይጨምራል። አንድ ቀን ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት ተቀብሮ የኖረውን፣ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ጥቁር አመለኛ እንደነበር፣ ጃኔል የተወለደችበት ሮብ የት ቆሞ ምን ሲለጥፍ እንደነበር፣ ያወራላታል። ደንበኛ ስልኩን ቢፈልግም አልሰጥም።

ባለፈው መጋቢት፣ ነፋስ አሸዋ የሚያነሳበት ሳምንት ነበር፣ ሰማዩ ባዶ ሆኖ ከረመ። ሜሪልም ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቷል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ። አርዲስ ናት።

"ላቮን፣ ምነው ሜሪል ሳይደውል ቀረ? በዚህ ሳምንት አላለፈም እንዴ?"

ትሪዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ያቺ እህቴ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ነገር ስትረግም የኖረችው።

"ገና ነው፤ ነፋስ ሆኖብን ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ሲያልፍ ይደውልልኝ" አለች። "ስልኩ አጠገብ ነኝ በይው።"